ሊሊን ክረምት ማሻገር

ብቸና ላይ አበባ ልትከል የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦታው ፀሐይ ማግኘቱን ነው። ፀሐይስ ሞልቶናል። ከተማዋ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ለወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይከርማል። ሊሊን የሚፈጃት ከሰኔ እስከ መስከረም መረሬው፣ ጥቁሩ አፈራችን፣ የሚያቁረው ውኃ ነው። ስለዚህ «የቱን ሊሊ ልትከል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው «ክረምቱን የት ልታከርማት አስበሃል?» ብዬ ነው።

መረሬ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ አብጦ ይጣበቅና አየር ያሳጣል። የሽንኩርት ራስ ደረቅ ልባስ አለው። የሊሊ ራስ ግን ወፋፍራም ቅርፍቶቹ ራቁታቸውን ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው፤ በጣት ገፋ ሲያደርጓቸው ከመቀመጫቸው ይገነጠላሉ። ውኃ በመካከላቸው ሲቋጠር ከታች፣ ሥሩ ከሚወጣበት በኩል፣ ቡናማ እየሆኑ ይላቁጣሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ችግሩን ሲናገር ራሱ አልቋል።

ለዚህ መላውን የእህል ገበሬው ቀድሞናል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች መረሬያቸውን በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ ያጠነፍፉታል። ቢቢኤም የሚባለው በበሬ የሚጎተት መሣሪያም 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። የአበባ መደቤን ስፋት የወሰድኩት ከዚያ ነው፤ ከፍታውን ግን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አደርገዋለሁ። አፈሩ ላይ የምጨምረው በደንብ የበሰበሰ ፍግና ደቃቅ ጠጠር ነው። ጥቂት አሸዋ መረሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም፤ ትኩስ ፍግ ደግሞ የሊሊውን ራስ ያቃጥለዋል።

ሞጣ ላይ ቀይ አፈር የደረሰው ሰው ውኃው ስለሚሰርግለት ግማሹን ሥራ አምልጧል። ቀይ አፈራችን አሲዳማ ስለሚሆን ለስንዴ ኖራ ይበተንበታል፤ ሊሊ ግን ፒኤቹ ከ6 እስከ 6.5 የሆነ መሬት ይስማማታል፣ ስለዚህ ኖራ አላበዛባትም። የምድጃ አመድ አበባ ሥር መድፋት የሚወዱ እናቶችንም «እባክዎ፣ ለጎመኑ ያድርጉት» እላቸዋለሁ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ኤዥያቲክና ኦሪየንታል የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ዝርያዎች ዓይን ይስባሉ። እነሱ ግን ረጅም ብርድ ለምደዋል። የታኅሣሥ ሌሊታችን ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ መሬቱን ያሞቀዋል፣ ብርዱም አይበቃቸውም። እኔ የምመርጠው ሎንጊፍሎረም የሚባለውን ነጭ ባለ መለከት ሊሊ ነው፤ አገሩ የደቡብ ጃፓን ደሴቶች ስለሆነ የሚጠይቀው ብርድ አነስ ይላል። እሱንም ቢሆን ክረምቱን መረሬ ውስጥ አልተወውም። ግንቦት ላይ አወጣና ከአናጺ ቤት ያመጣሁት ርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከነሰጋቱራው ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ፣ ለስድስት ሳምንት። ሙዝና ፖም አጠገቡ አይቀመጥም፣ የሚያወጡት ጋዝ እንቡጡን ያበላሻል። መብራት ሲጠፋ በሩን ያለመክፈት ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲቆም፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቄ እተክላለሁ። ጥልቀቱ የሚያስፈልገው ሊሊ ከራሱ በላይ ባለው ግንድም ሥር ስለምታወጣ ነው። ችካሉን የምተክለው በዚያው ቀን ነው፤ በኋላ የሚተከል ችካል የሊሊውን ራስ ይወጋዋል። ከ100 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል፣ አየሩ ከቀዘቀዘ ትንሽ ይዘገያል። ሐሳቤ ለጥምቀት እንዲደርስ ነው፤ ከዘገየም ሞጣ ጊዮርጊስ ጥር 18 አለላችሁ። መሬቱን በጤፍ ገለባ አለብሰዋለሁ፣ ፀሐዩ ሥሩን እንዳያደርቀው። ላም ያላቸው ጎረቤቶቼ ይህን ሲያዩ አንጀታቸው ያራል፣ እውነታቸውን ነው።

አበባው ሲረግፍ ግንዱን መቁረጥ የለም። ለሚቀጥለው ዓመት ራሱን የሚያወፍረው አረንጓዴው ቅጠል ስለሆነ እስኪወይብ ውኃ አላጓድልበትም። ፍልፈል ባለበት ሰፈር መደቡን ከሥሩ ሽቦ ማልበስ ነው። ድመት ያለው ቤት ግን ሊሊን ቢተዋት ይሻላል፤ ቅጠሏም የአበባ ዱቄቷም የድመትን ኩላሊት ይገድላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኔ ለሚል ሰው፣ ሊሊ ባይሆኑም ሊሊ የሚመስሉ አሉ። አጋፓንተስ ከፍ ካለ መደብ ላይ ክረምቱን ይችላል። ነጯ ካላ ቦዩ ዳር ትስማማለች። የጅብ ሽንኩርት የምንለው የራሳችን ክሪነም ደግሞ ከነመረሬው የለመደው ነው፤ ክረምቱን ውኃ ውስጥ ቆሞ ነጭ አበባውን ያወጣል፣ በጋውን መሬት ውስጥ ይተኛል። ሎንጊፍሎረም ግንቦት ላይ ሲወጣ እሱ ለመነሣት ዝናብ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አንዱን መደቡ ላይ ሌላውን ቦዩ ውስጥ፣ መትከል ይቻላል።