በርበሬው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው

ሰሞኑን የማንጎና የበርበሬ ጠጅ መጣል የጀመረ አንድ የመልካሳ ጎረምሳ ቤቴ መጥቶ፣ «እትዬ፣ በርበሬውን ከጌሾው ጋር ልጨምረው ወይስ ከማንጎው ጋር?» አለኝ። ከሁለቱም ጋር አይደለም። በርበሬ የሚገባው ጠጁ በስሎ ከጠለለ በኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው።

በዚህ ነገር አዳማ ካለች ጠጅ ጣይ ወዳጄ ጋር ስንከራከር ኖረናል። እሷ ማሩንም፣ ማንጎውንም፣ በርበሬውንም በመጀመሪያው ቀን ጋን ውስጥ ትጨምራለች። «አብሮ ያልበሰለ አይዋሐድም» ትላለች። ለወጥ ልክ ናት፤ ለጠጅ ግን አይሠራም።

የበርበሬ ማቃጠል የሚመጣው ካፕሳይሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በአልኮል ግን በደንብ ይሟሟል። ስለዚህ ብርዙን ብትቀምሰው በርበሬ የገባበት አይመስልህም፤ ያለችውንም ትንሽ ማሩ ይሸፍናታል። እርሾው ማሩን እየበላ ሲሄድ ጣፋጩ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ይጨምራል፣ ማቃጠሉም ይበረታል። ጠጁ ሲደርስ ጉሮሮ ይይዛል፤ ያኔ መመለሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካዊው ዊልበር ስኮቪል የበርበሬን ኃይል የለካው እኮ በዚሁ ጠባዩ ነው። በርበሬውን በአልኮል ዘፈዘፈ፤ የወጣውን በስኳር ውሃ እያቀጠነ፣ ቀማሾቹ ማቃጠሉ አልተሰማንም እስኪሉ ድረስ አስቀመሰ። አልኮል ያወጣል፣ ጣፋጭ ይደብቃል። ወዳጄ ግን በመጀመሪያው ቀን ቀምሳ ልኩን አወቅሁ ትላለች።

እኔ ለ1 እጅ ማር 3 እጅ ውሃ እላለሁ። ማንጎ የራሱን ውሃ ይዞ ስለሚመጣ ለእሱ ስል ውሃውን እቀንሳለሁ። ማንጎው የሚገባው ጌሾው ከወጣና የመጀመሪያው ፍላት ከበረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ከአረፋው ጋር ይሄዳል። ጠጁ ሲጠል ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጠዋለሁ። በርበሬው እዚያ ነው።

የተፈጨ በርበሬ አልነካም። የወጥ በርበሬ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም አለበት፤ ደግሞም አንዴ ከገባ አይወጣም። የምፈልገው ሙሉ ዛላ ነው። መልካሳ ለዚህ የታደለች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የግብርና ምርምር ማዕከል መልካ አዋዜንና መልካ ዛላን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ቢሆንም ለጠጅ ማረቆ ፋናን በምንም አልለውጥም፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ሽታው ሙሉ ነው። ሚጥሚጣ ጋኔ አጠገብ አይደርስም።

ዛላውን በጨርቅ ጠርጌ ምጣድ ላይ ሞቅ አደርገዋለሁ። ሰንጥቄ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ፍሬው የተጣበቀበትን ነጭ ገበርም አወጣለሁ። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል፤ ካፕሳይሲን የሚሠራው ግን እዚያ ነጩ ላይ ነው። ከዚያ በክር አስሬ እነክረዋለሁ፣ ጠዋት ማታ እቀምሳለሁ፣ በቃ ሲለኝ ክሩን እስባለሁ። የመጀመሪያ ቀን የጨመረ ሰው የሚስበው ክር የለውም።

እናቴ ያሳደገችን ጠጅ ሸጣ ነው። ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ማር፣ ጌሾና ውሃ ብቻ ታስገባለች። ስኳር የተቀላቀለበት ማር የሚያመጣ ነጋዴ ከደጃፏ ይመለስ ነበር። የደገሰ ጎረቤት ማር ሲያጥረው ግን ከራሷ ቀንሳ ትሰጥ ነበር። ማንጎም በርበሬም ጠጇ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፤ ጠጅ ግን ከእሱ በፊት ነበር። እንግዳ ደግሞ የሚገባው ቤቱ ከተሰናዳ በኋላ ነው። ዛላውን ከመንከሬ በፊት ጠጁን ባዶውን እቀምሰዋለሁ። እናቴ ለሰው የምታቀርበው ዓይነት ካልሆነ በርበሬ አላስገባበትም። የፍራፍሬና የበርበሬ ጠጅ ስም የሚጠፋው፣ ቀማሹ የማያውቀው ክፉ ጠጅ በቅመም ተሸፍኖ ሲቀርብለት ነው። ለእኔ ይህ ሙያ እናቴ ያወረሰችኝ ታማኝነት ነው፤ በማንጎ አላስጌጠውም፣ በበርበሬም አልሸፍነውም።

አንተም ልጄ፣ መጀመሪያ ማር፣ ጌሾና ውሃ ብቻ ጣል። ያ ጠጅ ብቻውን ሲጠጣልህ ማንጎውን ጨምር፤ ዛላውን ከሁሉም በኋላ፣ በክር አስረህ።