የደላላው ፊትና የገጹ ግርጌ፤ በሐረር ስለሚታሰቡ አገናኝ ድረ ገጾች የሕግ ጽሑፍ የቀረበ ትችት

በሐረር ጁገል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸውን ቤተ ሰቦች፥ ስፌት የሚሰፉትን ሴቶችና ቡና የሚሸጡትን ነጋዴዎች በሩቅ አገር ካለ ገዢ ጋር ለማገናኘት አዲስ ድረ ገጽ ማቆም ዛሬ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ሆኗል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የከተማይቱ ስም ርቆ ስለሚሰማ ፈላጊው አይጠፋም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ገጽ የሚያቆም ሰው ፎቶግራፉንና ዋጋውን ካሰናዳ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ይኸውም በገጹ ግርጌ የሚቀመጠው የሕግ ጽሑፍ ነው። ይህንንም ብዙው ሰው የሚያገኘው ከሌላ ሰው ገጽ በመገልበጥ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምንተቸው ይህንኑ የተገለበጠ ጽሑፍ ሲሆን አሳባችን በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የተገለበጠው ጽሑፍ ለገጹ ባለቤት ጋሻ አይሆንለትም፤ ቤታቸውንና የእጅ ሥራቸውን በገጹ ላይ ለሚያቀርቡት ሰዎች ግን ጉዳት ሊሆን ይችላል።

1. ስለ አገናኝ ገጽ አሠራር

አገናኝ ገጽ የምንለው የራሱ ዕቃ የሌለው፥ የሌላውን ሰው ዕቃ ወይም ቤት እያመሰገነ አንባቢውን ወደ ሻጩ የሚመራ፥ ሽያጩም ሲፈጸም ከሻጩ ኮሚሲዮን የሚቀበል ገጽ ነው። በገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ማገናኛ የገጹን ባለቤት የሚያስታውቅ ቁጥር አለው። አንባቢው ማገናኛውን ሲነካ ኩኪ የሚባል ትንሽ ማስታወሻ በመሣሪያው ላይ ይቀመጣል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ከገዛም ሻጩ ገዢውን ማን እንደላከው ያውቃል። ይህን አሠራር በዓለም ካስፋፉት ኩባንያዎች አንዱ አማዞን ሲሆን የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እንግዲህ ስሙና መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው የድለላ ሥራ ነው። ድለላ ደግሞ ለሐረር አዲስ አይደለም። ከተማይቱ በባሕሩ ጠረፍና በመካከለኛው አገር መካከል ያለች የንግድ በር ስለነበረች፥ ኑሮዋ የቆመው በሻጭና በገዢ መካከል በሚገቡ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር የመጣው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ረምቦ እንኳ የመጣው ቅኔ ለመጻፍ ሳይሆን፥ ኤደን ለነበረው የባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ለመግዛት ነበር። የማን ሠራተኛ እንደሆነና ምን እንደሚከፈለው በውል የተጻፈ ነበር።

2. ማንነትን ስለ መግለጽ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በከብትና በግመል ገበያ ደላላው የሻጩን እጅ ይዞ በጨርቅ ሥር በጣት ዋጋ ይነጋገራል። ዋጋው ከተመልካች የተሰወረ ነው። ነገር ግን አንድ ያልተሰወረ ነገር አለ፤ ጨርቁን የያዘው ሰው ደላላ መሆኑን በገበያው ያለው ሁሉ ያውቃል። ገዢው «ይህች ግመል ጥሩ ናት» የሚለውን የደላላ ምስጋና የሚሰማው ምስጋናው የሚከፈልበት መሆኑን እያወቀ ነው፤ ስለዚህ በልቡ ቀንሶ ይሰማዋል።

በአገናኝ ገጽ ላይ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ዋጋው በግልጥ ተጽፏል፤ የተሰወረው የደላላው ፊት ነው። አንባቢው «በጁገል ውስጥ ለማደር የሚመረጡ አምስት ቤቶች» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ፥ የተጓዥ ምክር ያነበበ ይመስለዋል እንጂ የደላላ ቃል መሆኑን አያውቅም። ያነበብናቸው ብዙ ገጾች ኮሚሲዮን የሚቀበሉ መሆናቸውን የሚናገሩት በግርጌው፥ በደቃቅ ፊደል፥ ሌላ ገጽ ከፍቶ ከሚነበብ ረጅም ጽሑፍ መካከል ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። በቤቱ ውስጥ ነደባ የሚባሉት መደቦች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ እንግዳ ገብቶ ሲመለከት ሰው የተቀመጠበትን መደብ አይቶ ማዕረጉን ያውቃል። ከነዚህም አንዱ ሱትሪ ነደባ፥ ማለት የተሰወረው መደብ ይባላል። አገናኝ ገጾች ኮሚሲዮናቸውን ያስቀመጡት በዚህ በተሰወረው መደብ ላይ ነው።

ማንነትን ሰውሮ በሐረር በር መግባት ምን እንደሚመስል የታሪክ ምስክር አለን። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማይቱ ሲገባ፥ በኤደን ከነበረው የእንግሊዝ ሹም የተላከ መስሎ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ ነበር። አሚር አሕመድም ተቀብለውት ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ በሰላም ወጣ። በርተን ይህን በኋላ በመጽሐፉ ሲተርከው እንደ ብልሃት ቈጥሮታል። ለእኛ ግን ታሪኩ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ የከተማይቱ በር ጠባቂዎች የመጣውን ሰው ማንነት መጠየቅ ሥራቸው ነበር፤ ጥያቄው ሐሰተኛ መልስ ማግኘቱ ጥያቄውን ከንቱ አያደርገውም።

3. ሕጋችን ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 56 ላይ ደላላን ሲተረጕም፥ ራሱን ችሎ፥ ሙያዬ ብሎና ትርፍ ለማግኘት ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ሰው መሆኑን ያመለክታል፤ በሚቀጥለውም ቁጥር ነጋዴ ያደርገዋል። ምንም እንኳ ይህ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 በአዲስ ሕግ ቢተካ፥ ትርጓሜው የአገናኝ ገጽን ሥራ ያለ ጭንቅ ይገልጻል። ስለዚህ «እኛ ነጋዴ አይደለንም፤ መረጃ ብቻ እንሰጣለን» የሚለው በብዙ ገጾች የሚታየው ቃል በሕጋችን ዓይን ደካማ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የኢንተርኔት ድረ ገጽን ከማስታወቂያ ማሠራጫዎች መካከል ይቈጥራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ስለ ዕቃው የሚያሳስት ነገር እንዳይናገር ይከለክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ፥ መልእክት በኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ደንግጓል፤ እንግዲህ በገጽ ላይ የተጻፈ ቃል እንደ ወረቀት ቃል ያስጠይቃል ማለት ነው። በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፥ አስፈጻሚነቱ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሕግ የለም የሚለው ሰበብ እንደማያገለግል ነው። ሕጉ በልዩ ልዩ አዋጆች ተበትኖ ይገኛል እንጂ የጠፋ አይደለም። የጎደለው ሕጉን ሰብስቦ፥ ለአንድ ትንሽ ገጽ በሚስማማ ቋንቋ የሚጽፈው ሰው ነው።

4. የተገለበጠው ጽሑፍ ሦስት ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የቋንቋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686 እንደሚያስረዳው፥ አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው አጠቃላይ የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስረው ይህ ሰው ደንቡን አውቆ የተቀበለው እንደሆነ ነው፤ የመንግሥት ባለሥልጣን ያወጣው ወይም ያጸደቀው ደንብ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጁገል ውስጥ ቤቷን ለእንግዳ የምታከራይ ሴት የምትናገረው ሐረሪ፥ ኦሮምኛና አማርኛ ሆኖ ሳለ፥ ደንቡ በእንግሊዝኛ ብቻ ሃያ ገጽ ቢጻፍ፥ አውቃ ተቀበለችው ለማለት እንዴት ይቻላል? ገልባጩ ጽሑፉ ረጅምና ከባድ በሆነ መጠን የሚጠብቀው ይመስለዋል። እንደ ሕጋችን አነጋገር ግን ሊነበብ የማይችል ደንብ ለባለቤቱም የማይረባ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቦታ ነው። ጽሑፉ ከአሜሪካ የተገለበጠ ሲሆን «ክርክር ቢነሣ በካሊፎርኒያ ሕግ ይዳኛል» የሚለው ቃል ሳይነካ አብሮ ይመጣል። ሁለት መቶ ሜትር ተራርቀው በመጋላው የሚተያዩ ሰዎች ስለ አንድ ሌሊት ማደሪያ ቢጣሉ፥ ባሕር ተሻግረው እንዲከራከሩ የሚያዝ ጽሑፍ ሳቅ ከማስነሣት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ይህን ስንል የውጭ አገር ሕግ አይመለከተንም ማለታችን አይደለም። የሐረር ልጆች በቶሮንቶ፥ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች ይኖራሉ፤ ከገጹ አንባቢዎች ብዙዎቹም እነርሱ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ፥ ሻጩ ከኅብረቱ ውጭ ቢሆንም እንኳ በኅብረቱ ላሉ ሰዎች ዕቃ ወይም አገልግሎት ካቀረበ ይከተለዋል። አማዞንም ቢሆን የሚያገናኙለት ገጾች ኮሚሲዮን መቀበላቸውን በግልጥ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ስለዚህ የውጭውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለማወቅን በግልባጭ መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት የሰው ነው። የተገለበጠው የግል ምስጢር መግለጫ የሚናገረው ስለ ገጹ ጎብኚ ብቻ ነው፤ ስሙን፥ የመልእክት አድራሻውንና ኩኪውን እንጠብቃለን ይላል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን በሐረር አገናኝ ገጽ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው ጎብኚው አይደለም። የቤቱ ውስጥ ፎቶግራፍ፥ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና ሳህን፥ በፎቶግራፉ ዳር የሚታዩት የቤቱ ሴቶችና ልጆች፥ የባለቤቲቱ ስልክ፥ ቤቱ የሚገኝበት ጠባብ መንገድ፥ ይህ ሁሉ በዓለም ፊት ተዘርግቷል። የጁገል ቤት በከፍተኛ ግንብ የታጠረው፥ በሩም ወደ ግቢው የሚያገባው፥ የቤተ ሰቡ ኑሮ ከመንገደኛ ዓይን እንዲጠበቅ ነው። ገጹ ያን ግንብ ያፈርሳል፤ የሕግ ጽሑፉ ግን ስለ ግንቡ ባለቤት አንድ ቃል አይናገርም። ፎቶግራፉን ማን ያስነሣል? ባለቤቲቱ ከገጹ ብትወጣ ፎቶግራፉ ይጠፋል ወይስ ለሌላ ገጽ ይሸጣል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤቱን ክብር ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ከአንድ አገናኝ ገጽ ግርጌ ሊጎድል አይገባውም።

5. ስለሚነሣው ተቃውሞ

እንዲህ የሚለን ሰው ይኖራል፤ «ገጹን የሚያቆመው ወጣት ነው፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የለውም፤ ይህን ሁሉ ብትጠይቁት ሥራውን ይተወዋል፤ የሚጎዱትም እነዚያው ባለ ስፌቶች ናቸው»። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በእርግጥ ከጽሑፍ ማማር የዕለት እንጀራ ይቀድማል። ነገር ግን ተቃዋሚው በቂ ጽሑፍና ረጅም ጽሑፍ አንድ መስሎታል። እኛ የምንጠይቀው ጽሑፉ እንዲያጥር እንጂ እንዲረዝም አይደለም። ወጣቱ የራሱን ሥራ ያውቃል፤ ከማን ምን ያህል እንደሚቀበል፥ የማንን ስልክ በየት እንደሚያኖር ያውቃል። ይህን በራሱ ቋንቋ ቢጽፈው ከግልባጩ ይልቅ ወደ ሕጉ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ለሕግ አዋቂ የሚያሳየው ሁለት ገጽ ብቻ ስለሚሆን ወጪውም ይቀላል።

6. በቂ የምንለው ጽሑፍ

ስለዚህ ከላይ ካቀረብነው ትችት የሚከተለውን እናወጣለን። አንደኛ፥ ኮሚሲዮን የሚቀበል መሆኑን ገጹ ከምስጋናው በላይ፥ በዚያው ፊደል መጠን ይናገር። ሁለተኛ፥ የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ይጻፍ፤ ሻጩ ሌላ መሆኑም ይገለጽ፤ ባለ ገጹ ለዕቃው ጥራት ዋስ ባይሆንም ለተናገረው ምስጋና ግን ተጠያቂ መሆኑን አይካድ። ሦስተኛ፥ ከጎብኚው ምን እንደሚወሰድ፥ ለምን እንደሚወሰድና መቼ እንደሚጠፋ ይነገር። አራተኛ፥ ከቤት ባለቤቶችና ከባለ ስፌቶች ጋር የሚደረገው ስምምነት በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በምስክር ፊት ይነበብላቸው፤ ኮሚሲዮኑ ከመቶ ስንት እንደሆነና ፎቶግራፋቸውን መልሰው ማስነሣት እንደሚችሉ በዚያው ይታወቅ። አምስተኛ፥ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው በሐረር ይሁን።

እነዚህ አምስት ነገሮች በሁለት ገጽ ያልቃሉ። አዲስ ሕግ አይጠይቁም፤ አዋጆቹ ያሉትን ወደ አንድ መጋላ ማውረድ ብቻ ነው። በጨርቅ ሥር ዋጋ የሚነጋገረው ደላላ የሚታመነው ጨርቁን ስላነሣ አይደለም፤ ነገ በዚያው ገበያ ስለሚገኝ ነው። ድረ ገጽ ግን ነገ ስሙን ለውጦ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገጹን የሚያስተማምነው የሚያውቀው ፊት ስለሌለ፥ የፊቱን ቦታ ሊይዝ የሚገባው በግርጌው የተቀመጠው ጽሑፍ ነው፤ ያም ጽሑፍ የተውሶ ከሆነ ገጹ ፊት የለውም ማለት ነው።