የባዕድ መንደር ሥዕል መቅዳትና የሁርሶ ብርሃን

የዘይት ቀለም ለመማር የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ መቅዳት ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል? ይህን ጥያቄ በአንድ ሥዕል መርምረን ፍርዳችንን ለአንባቢ ማቅረብ እንወዳለን። የመረጥነውም እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 የፈጸመው፥ በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት የሚገኘው «የድርቆሽ ጋሪ» ነው። ፈረሶች ጋሪ እየሳቡ ውሃ ውስጥ ገብተዋል፤ በስተግራ የገበሬ ቤት አለ፤ በላይ ደመና ይንሳፈፋል።

መቅዳት ነውር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም እጃቸውን ያፍታቱት የመምህራቸውን አርአያ በመከተል ነው። ይህን ሥዕል የሚቀዳ ተማሪ የሥራውን ቅደም ተከተል ይማራል፦ አስቀድሞ ብርሃንና ጥላን በቡናማ ቀለም መለየት፥ የታችኛውን ቀለም በተርፐንታይን ማቅጠን፥ የሚደረበውን በተልባ ዘይት ማወፈር። ይህ ከተገለበጠ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ስለሚደርቅ ሥዕሉ ይሰነጣጠቃል። ደግሞም በፈረሶቹ ዕቃ ላይ ያለችው ጥቂት ቀይ ቀለም ያን ሁሉ አረንጓዴ እንዴት ሕያው እንደምታደርገው በመጽሐፍ ከማንበብ በእጅ መሥራት ይበልጣል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ተማሪው ከእጅ ሥራው ጋር የባዕዱን ብርሃን የወሰደ እንደሆነ ነው። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፥ በአሮጌው የባቡር መሥመር ላይ የሚገኝ ቆላ ነው። በቀትር የግራሩ ጥላ አጭርና ጠርዙ የሰላ ነው፤ ደረቁ መሬትም ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው ጥላው ጨርሶ አይጠቁርም። ይህን አገር በኮንስታብል ቡናማ ጥላና እርጥብ አረንጓዴ የሚሥል ሰው ሁርሶን በእንግሊዝ ዝናብ ያበሰብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳት የሐሳብ ነው። በሥዕሉ ላይ ድርቆሽ አጫጆቹ ከሩቅ እንደ ነጥብ ይታያሉ፤ መንደሩ ሰላም ብቻ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1822 በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች በችግር ምክንያት ተነሥተው የመውቂያ መኪናዎችን ሰባብረዋል። ሠዓሊውን ለመውቀስ አይደለም፤ ይህን ጸጥታ እንደ ሕግ የሚቀበል ቀጂ ግን የሁርሶን ፍየል ጠባቂና ውሃ ተሸካሚ ሴት የመልክዓ ምድር ጌጥ አድርጎ እንዳያስቀራቸው እንሠጋለን።

ታዲያ ከኮንስታብል መቅዳት የሚገባን ምንድን ነው? እርሱ የሣለው አባቱ ወፍጮ የነበራቸውን፥ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ወንዝ ነው። በቦታው ትናንሽ ንድፎች ሠራ፤ ቀጥሎ በሙሉ መጠን የሙከራ ሥዕል አዘጋጀ፤ ዋናውን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በሐረር የተወለዱት ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ሲመለሱ ጥበቡን ለራሳቸው ሐሳብ አዋሉት እንጂ የጀርመንን መንደር ይዘው አልመጡም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ ተማሪው አንድ ጊዜ በትጋት ይቅዳ፤ ቅጂውንም እንደ ፊደል ገበታ ይቁጠረው እንጂ እንደ ድርሰት አይቁጠረው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ይዞ ሁርሶ ይውረድ፤ አንዱን ግራር በጧት፥ በቀትርና በማታ ይንደፍ። የኮንስታብል እውነተኛ ደቀ መዝሙር የሚባለው ስቱር ወንዝን አሳምሮ የቀዳው ሳይሆን የራሱን አሸዋ ቀለም ለይቶ ያወቀው ነው።