ወሬው ተሰባሰበ፤ ማጣራቱስ?

አንድ አገር ከባድ አደጋ ሲደርስበት ሕዝቡ በመጀመሪያ «ማን አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ደግሞ «ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም ወይ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ጦር ሜዳ ይወስዳል። ሁለተኛው ግን ሕግ ያስወጣል፣ መሥሪያ ቤት ያስቋቁማል፣ መዝገብ ያስከፍታል። ዛሬ የምንመለከተው ከዚሁ ከሁለተኛው ጥያቄ የተወለደ ሕግ ነው። እርሱም አሜሪካ የፀረ ሽብር ሥራዋን ለማቀናጀት በ2004 ያወጣችው ነው። ከሕጉ ጋር ለሕጉ መነሻ የሆነውን መጽሐፍ፣ ማለትም የመስከረም አንዱ ጥቃት አጣሪ ኮሚሽን ያቀረበውን ሪፖርት አብረን እንመዝናለን። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሩቅ አገር ሕግ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከመካከላችን ልጁ ወይም እህቱ ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የሚኖርለት ብዙ ነው። ስሙ አሕመድ ሙሐመድ የሆነ መንገደኛም በዚያ አገር መዝገብ ውስጥ ሞክሼው ብዙ ነው። የራሳችን አገር ሕግም ቢሆን በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

በቅድሚያ ፍትሐዊ እንሁን። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አራት አውሮፕላኖች ጠልፈው ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ገደሉ። ይህ ግፍ ነው፤ ምንም ማስተባበያ የለውም። ቶማስ ኪን እና ሊ ሃሚልተን የመሩት፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ አሥር አባላት ያሉት ኮሚሽን ከ1,200 በላይ ሰዎችን አነጋገረ፣ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ገጽ የሚበልጥ ሰነድ መረመረ፣ በጁላይ 2004 ሪፖርቱን አወጣ። መጽሐፉ እንደ መንግሥት ሰነድ የሚያሰለች አይደለም። እንደ ታሪክ ይነበባል፤ በየመጻሕፍት መደብሩም በብዛት ተሸጧል።

ከመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይበልጥ የሚያስደነግጠው የሁለቱ ጠላፊዎች ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 2000 ሁለቱ ሰዎች ኩዋላ ሉምፑር ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲሰበሰቡ ሲ.አይ.ኤ. ይከታተል ነበር። ከሁለቱ አንዱ የአሜሪካ ቪዛ እንዳለውም ደርሶበታል። በዚያው ወር ሁለቱም ሎስ አንጀለስ ገቡ። ስማቸው ግን ለድንበር ተቆጣጣሪዎች መዝገብ የተላለፈው በኦገስት 2001 መጨረሻ፣ ጥቃቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት ያወቀውን ሌላው አላወቀም። ኮሚሽኑም ችግሩ መረጃውን ለራስ ይዞ መቆየት ነው ብሎ ደመደመ።

መፍትሔውም ማቀናጀት ሆነ። አስቀድሞ በ2002 በወጣ ሕግ 22 መሥሪያ ቤቶች ተጠቃለው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር። በዲሴምበር 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙበት ሕግ ደግሞ በስለላ መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ ላይ አንድ ዳይሬክተር ሾመ፤ ብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከልን በሕግ አጸና፤ መረጃ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እንዲፈስ አዘዘ። ይህ ሁሉ ምክንያታዊ ነው። ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው?

ጉድለቱን ሁለት ታሪኮች ያሳዩናል።

የመጀመሪያው በ2009 የሆነ ነው። አንድ ናይጄሪያዊ ሙስሊም አባት የልጁ አካሄድ አሳሰበው። ልጁ ከቤተሰቡ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጦ ወደ የመን ሄዶ ነበር። አባትየው በኖቬምበር ወር አቡጃ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ ሥጋቱን ተናገረ። አንድ አባት የገዛ ልጁን ጉዳይ ለባዕድ መንግሥት ማመልከቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ወሬው በአዲሱ ሕግ መሠረት ወደ ማዕከሉ ደረሰ። ነገር ግን የልጁ ስም ሲጻፍ ስለተሳሳተ ቪዛ የሌለው ሰው መሰለ። አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥም አልገባም። በልደት በዓላቸው ዕለት ልጁ ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ ሞከረ። ፈንጂው ሳይሠራ ቀረ፤ ተሳፋሪዎችም ያዙት። ከቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት ኦባማ ጉድለቱ መረጃ ባለመሰብሰቡ ሳይሆን የተሰበሰበውን አገናኝቶ ባለመረዳት መሆኑን አመኑ። ሕጉ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሕጉ ከመጽደቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኖቬምበር 2004፣ አንድ የኤፍ.ቢ.አይ. ሠራተኛ ቅጽ ሲሞላ መመሪያውን በግልባጩ ተረድቶ ምልክቱን ያለቦታው አደረገ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ማሌዥያዊት ሙስሊም በአሸባሪነት ከሚጠረጠሩት ጋር ተመዘገበች። በጃንዋሪ 2005 አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እጇ በካቴና ታሰረ። በማግስቱ እንድትሳፈር ቢፈቀድላትም ኋላ ቪዛዋ ተሰረዘ፤ ወደ ትምህርቷ ለመመለስም አልቻለችም። ክስ መሠረተች። ሠራተኛው ራሱ መሳሳቱን ያወቀው በ2013 ለክሱ ቃሉን ሲሰጥ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ዳኛው ፈረዱላት፤ በተሳሰሩ መዛግብት ውስጥ አንድ ስሕተት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተባዛ ሊዘልቅ እንደሚችልም አሳሰቡ።

ውድ አንባቢዎች፣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በስም አጻጻፍ ስሕተት አደገኛው አለፈ፤ በአንድ ምልክት ስሕተት ንጹሑ ተያዘ። በሁለቱም ጊዜ ወሬው አልጠፋም፤ ተላልፏል። የጠፋው ማጣራቱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመታት በፊት ይህንኑ ችግር ገጥመውታል። በየአገሩ የተበተነውን ሐዲስ መሰብሰብ አስፈላጊ መሆኑን አውቀው ግመል ጭነው ተጉዘዋል። ነገር ግን መሰብሰቡ ብቻውን ወሬን እውነት እንደማያደርገው ያውቁ ነበር። አንድ ደካማ ራዊ ያወራው ነገር በአሥር ኪታብ ውስጥ ቢገለበጥ አሥር ምስክር አይሆንም፤ ያው አንዱ ደካማ ወሬ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን አስተላላፊ ማንነት መረመሩ። ለዚህ ዕውቀት ያወጡለት ስም ራሱ ትምህርት ነው፦ አል ጀርሕ ወት ተዕዲል። ጀርሕ ማለት የሰውን ነቀፋ መግለጽ፣ ተዕዲል ማለት ደግሞ ታማኝነቱን መመስከር ነው። አንዱን ካንዱ አልለዩም። የሚነቅፈውም ምክንያቱን እንዲያስረዳ ተጠየቀ።

የ2004ቱን ሕግ በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕጉ ጀርሑን አቀናጀ፤ ተዕዲሉን ግን ያለ ባለቤት ተወው። ጥርጣሬ በአንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ንጽሕና ግን በእግሩ ይጓዛል። ማዕከሉ የሚይዘው መዝገብ በ2013 መጨረሻ የ1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም ነበረው። በበረራ ላይ ለሚንገላቱ ሰዎች የአቤቱታ ጽሕፈት ቤት የተከፈተው በ2007 ነው። እርሱም ቢሆን ለአመልካቹ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አይነግረውም ነበር። በ2014 የኦሪገን ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከፈረደ በኋላ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ተሻሻለ።

«ሕጉ እኮ መብት የሚጠብቅ ቦርድ አቋቁሟል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኮሚሽኑም ይህን መክሮ ነበር። ነገር ግን ቦርዱ የደረሰበትን ተመልከቱ። መጀመሪያ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ተቀመጠ። በ2007 ራሱን ይቻል ሲባል ከ2008 እስከ 2012 አባል የሌለው ባዶ ወንበር ሆኖ ቆየ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሦስት አባላቱ ተባርረው ለውሳኔ የሚበቃ ቁጥር አጣ። ተቆጣጣሪው ዓመታት ሲተኛ መዝገቡ አንድ ቀን እንኳ አልተኛም። ኮሚሽኑ ራሱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ባለሥልጣናት ለ88 የኮንግረስ ኮሚቴዎችና ንዑሳን ኮሚቴዎች መልስ እንደሚሰጡ ጽፎ ይህም እንዲቀናጅ አሳስቦ ነበር። ሳይፈጸም ቀረ። ሰማንያ ስምንት ሰው የሚጠብቀውን በር ማንም አይጠብቀውም።

ማጣራት የሌለበት ቅንጅት ምን እንደሚሰበስብ ለማወቅ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በኦክቶበር 2012 ያወጣውን ምርመራ ማየት ይበቃል። በየክፍለ ግዛቱ የተከፈቱት የመረጃ ማዕከላት በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ካረቀቋቸው 610 ሪፖርቶች 188ቱ ተሰርዘዋል። ከተሰረዙት አንዱ አንድ አሜሪካዊ በሙስሊሞች ማዕከል ስለ መልካም ልጅ አስተዳደግ ትምህርት ሊሰጥ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ልብ በሉ! ልጅን በመልካም ማሳደግ ለፀረ ሽብር መሥሪያ ቤት ወሬ ሆኖ ቀረበ። እርግጥ ተሰርዟል። የማዕከሉ ደጃፍ ላይ ግን ከዚያ በኋላ ማን በነጻነት ይቆማል?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እንዲሁ አስተባባሪ ኮሚቴ ነበረው። በዚያው አዋጅ በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ኋላም በይቅርታ ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ሲተካ፣ የቀድሞው ሕግ በዜጎች መብት ላይ ጉዳት ያስከተለ ጉድለት እንደነበረበት በአዲሱ አዋጅ መግቢያ ተጻፈ። አስተባባሪ ነበር፤ አጣሪ ግን አልነበረም።

ታዲያ የምንለው «መንግሥት አይቀናጅ» ነው ወይ? አይደለም። ሰላም የሁላችን ነው፤ ፈንጂ ሃይማኖት አይመርጥም። የምንለው ሌላ ነው። ያንን ናይጄሪያዊ አባት እንደገና አስቡት። ከዚያ ሁሉ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ሁሉ መዝገብ ቀድሞ አደጋውን ያየው እርሱ ነው። የትኛውም ሕግ እንደ እርሱ ያለ አባት ሊሾም አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው አባት በሩን ሲያንኳኳ የሚሰማው እንዲያገኝ፣ ንጹሕ ልጁም በስሕተት ቢጻፍ የሚሰርዝለት እንዳለ እንዲያምን ማድረግ። ያ እምነት ከጠፋ የሚቀጥለው አባት ዝም ይላል። እርሱ ዝም ካለ መሥሪያ ቤቶቹ ተቀናጅተው የሚለዋወጡት ባዶ ወረቀት ነው።

ወላጆችም የበኩላችንን እናድርግ። የልጆቻችን ስም በፓስፖርት፣ በትምህርት ማስረጃና በቪዛ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን እንመርምር፤ ሙሐመድ የሚለው ስም በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለንና። በጉዞ ላይ የተንገላታ ቢኖር ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያስቀምጥ፤ አቤት ይበል። በቤታችን ደግሞ ስለ ሰው የሰማነውን ከማስተላለፋችን በፊት እናጣራ። በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ይህንኑ ነው። ከሌላው የምንጠይቀውን ፍትሕ በራሳችን ምላስ መጀመር አለብን።

አላህ አገራችንንም የሌሎችንም አገር ከክፉ ይጠብቅልን፤ በዳይንም ከንጹሕ የሚለይ ዳኛ ይስጠን። አሚን።