በእሳት የተፈተነ ወርቅ፤ ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ቃልና ስለ ሄርማስ መጽሐፍ የቀረበ ሐተታ

ቅዱስ ጴጥሮስ በፊተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 1 ቍጥር 6 እና 7 ምእመናን ለጥቂት ጊዜ በልዩ ልዩ መከራ የሚያዝኑት፥ ሃይማኖታቸው በእሳት ከሚፈተነው ነገር ግን ከሚጠፋው ወርቅ ይልቅ የከበረች ሆና እንድትገኝ ነው ብሎ ያስተምራል። መልእክቱም የተጻፈላቸው በጳንጦስ፥ በገላትያ፥ በቀጰዶቅያ፥ በእስያና በቢታንያ ተበትነው በእንግድነት ለሚኖሩ ነው። ይህን ቃል የሚሰብኩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበከው እኩሌታው ብቻ ነው። ሰባኪው ወዲያው ወደ እሳቱ ገብቶ ስለ ሰማዕታት፥ ስለ ሰይፍና ስለ እቶን ይናገራል። ሰሚውም ሃይማኖት የምትፈተነው በታላቅ መከራ ቀን ብቻ ይመስለዋል። ያ ቀን ያልመጣበት ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ? እስኪመጣ ድረስ ይተኛልን?

በአሶሳ ዞን በሆሞሻና በጎረቤቶቿ በመንጌ፥ በሸርቆሌና በኩርሙክ አገር የሚኖር ሰው የወርቅን ነገር ከመጽሐፍ አስቀድሞ በዓይኑ ያውቀዋል። በዚያ አገር የበርታ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ያጥባሉ። ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን ያወጣሉ፤ በገበቴ አድርገው ከውኃ ጋር ያዞሩታል፤ ቀላሉ አፈር ከውኃው ጋር ይፈስሳል፤ ከባዱ ከታች ይቀራል። ይህን ሲደጋግሙ ውለው የሚያገኙት ጥቂት ቅንጣት ነው፤ ምንም የማይገኝበትም ቀን አለ። ወርቁ ወደ አንጥረኛ እሳት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ወርቅ ከእሳት በፊት በውኃ ይለያል፤ ከአንድ ቀን እሳትም በፊት የብዙ ቀን ትዕግሥት አለ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢሉ፤ ውኃ የተባለች ጥምቀት ናት። አንድም ውኃ በየዕለቱ የሚፈስ የንስሐ እንባ ነው። ገበቴ የተባለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከባዱንና ቀላሉን፥ ጽኑዑንና ደካማውን በአንድነት ይዛ ትዞራለችና። እሳት መከራ ነው። በውኃው ያልተለየ አፈር ወደ እሳት ቢገባ ወርቅ አይሆንም፤ የተቃጠለ አፈር ይሆናል እንጂ።

ከሐዋርያት በኋላ በነበሩት ዘመናት ይህን ምሳሌ አስፍቶ የጻፈ ሄርማስ ነው። ሄርማስ በሮም ከተማ ባሪያ ሆኖ ተሸጦ የነበረ፥ ኋላም ባለ ሚስትና ባለ ልጆች የሆነ ሰው ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈው መጽሐፉ ኖላዊ ይባላል፤ 5 ራእይ፥ 12 ትእዛዝና 10 ምሳሌ አለው። በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ በአገራችን ተጠብቆ ኖሯል፤ አንጦንዮስ ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊም ከጕንዳ ጕንዴ ገዳም የተገኘውን ቅጂ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በላይፕሲክ ከተማ አሳትሞታል። በግሪክ ቋንቋ የመጽሐፉ መጨረሻ ሙሉ ሆኖ ስላልተገኘ፥ ሊቃውንት የጎደለውን የሚመለከቱት ከላቲንና ከግዕዝ ነው። የአባቶቻችን ድካም ለዓለም ሁሉ ጠቅሟል።

በአራተኛው ራእይ ሄርማስ በራሱ ላይ አራት ቀለም ያለበት ታላቅ አውሬ ያያል፤ ጥቍር፥ እሳትና ደም የመሰለ፥ ወርቅ፥ ነጭ። ጥቍሩ ይህ ዓለም ነው፤ እሳትና ደም የመሰለው የዓለም ጥፋት ነው፤ ወርቁ ከዚህ ዓለም ሸሽተው የሚፈተኑት ምእመናን ናቸው፤ ነጩ የሚመጣው ዓለም ነው። በሦስተኛው ራእይ ደግሞ በውኃ ላይ የሚታነጽ ግንብ ያያል፤ ግንቡም ቤተ ክርስቲያን ናት። ድንጋዮቹ ልዩ ልዩ ናቸው። ያለ ምንም ችግር የሚገጥሙ አሉ፤ የተሰነጠቁ አሉ፤ ክብ ሆነው የማይገጥሙም አሉ፤ እነዚህ ሃይማኖት ያላቸው፥ ሀብታቸው ግን ያልተቈረጠላቸው ባለጠጎች ናቸው።

የመጽሐፉ ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጽናት ማለት የአንድ ቀን ጀግንነት ሳይሆን በጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ሥራ መሆኑን አስተምሯል። ለሄርማስ የተገለጠችው ሴት በመጀመሪያ አሮጊት ነበረች፤ በሁለተኛው ፊቷ ታደሰ፤ በሦስተኛው ከጠጕሯ በቀር ሁለንተናዋ የወጣት ሆነ። ያስረጃት የምእመናን ልብ ሁለት መሆን ነበር፤ ያሳደሳትም ተስፋቸው ነው። ሥጋ ከቀን ወደ ቀን ያረጃል፤ የጸና ሃይማኖት ግን ከቀን ወደ ቀን ወጣት ይሆናል።

ነገር ግን መጽሐፉ የሚነቀፍበት ነገር አለ። በዘመኑ ከጥምቀት በኋላ ንስሐ ፈጽሞ የለም የሚሉ መምህራን ነበሩ። ሄርማስ በአራተኛው ትእዛዝ የእነርሱን ቃል አንሥቶ አንዲት ንስሐ አለች አለ፤ ከእርሷ በኋላ ግን ደጋግሞ ለሚወድቅ ሰው ነገሩ የጭንቅ ነው አለ። በሩን ከፈተ፤ ከፍቶም ለመዝጋት ቸኰለ። ጠርጡልያኖስ ደግሞ በተቃራኒው መጽሐፉ ለአመንዝሮች ይራራል ብሎ ነቀፈው። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን በ367 ዓ.ም. በጻፈው የበዓል መልእክት ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ሳያስገባው ለንዑሰ ክርስቲያን እንዲነበብ ፈቀደ። የአትናቴዎስ ፍርድ የቀና ነው፤ ጀማሪን ያነቃል፤ የሃይማኖት ወሰን ግን አይሆንም።

የሄርማስን ቃል የሚያርመው ማን ነው ቢሉ፤ ራሱ ጴጥሮስ ነው። ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ልተውለት ብሎ የጠየቀ ጴጥሮስ ነው፤ ጌታም ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎ መለሰለት (ማቴ. 18፥21-22)። በሊቀ ካህናቱ ግቢ በእሳት ዳር ሦስት ጊዜ የካደ እርሱ ነው። በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብም በፍም እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መንጋውን የተረከበ እርሱ ነው (ዮሐ. 21)። ያ የወደቀው ከመንፈስ ቅዱስ መውረድ በፊት ነው የሚል ቢኖር፥ በአንጾኪያ ጳውሎስ ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው ያንብብ (ገላ. 2፥11)። እንግዲህ ስለ ወርቅ መፈተን የጻፈልን ሰው በእሳት ዳር ወድቆ በእሳት ዳር የተነሣ፥ ከዚያም በኋላ ደግሞ የተገሠጸ ሰው ነው። በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና የተባለውን ትእዛዝ የፈጸመው በዚህች መልእክት ነው (ሉቃ. 22፥32)።

ሄርማስም ቢሆን በኋለኞቹ ምሳሌዎቹ የግንቡ ሥራ ለጊዜው እንደ ቆመ ይናገራል፤ የቆመውም የተጣሉት ድንጋዮች ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ ነው። ትእዛዙ የጠበበው ምሳሌው ሰፍቷል፤ አንባቢው ትእዛዙን በምሳሌው ይተርጕመው።

ይህ ነገር ለሆሞሻ ምእመናን ተራ ክርክር አይደለም። ነባሩ ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ተከታይ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ጥቂቶች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ምክንያት ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሰዎች ወደ አሶሳ ምድር ተወስደው ሠፍረዋል። ከአጥቢያው፥ ከንስሐ አባቱና ከዘመዶቹ መቃብር ተለይቶ በሌላ አገር የሚኖር ሰው ሃይማኖቱን የሚያጠፋበት ሰይፍ አይደለም፤ ዛሬ አንድ ጾም፥ ነገ አንድ ጸሎት እየተወ መላላት ነው። ጎረቤቱ በቀን አምስት ጊዜ ለጸሎት ሲነሣ ቢያይ ሊያፍር ይገባዋል እንጂ ሊቈጣ አይገባውም። እንዲህ የላላው ሰው ሊመለስ ሲወድድ፥ ጊዜህ አልፏል የሚለው መምህር ቢያጋጥመው የሄርማስን ጥብቀት ይዞ የጴጥሮስን ታሪክ ረስቷል።

አባቶች መንፈሳዊውን ሰው ወጣኒ፥ ማእከላዊ፥ ፍጹም ብለው ይከፍሉታል፤ መዓርጉንም ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፥ ከንጽሐ ነፍስም ወደ ንጽሐ ልቡና ያወጡታል። ማንም ከመሬት ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ከላይ አይደርስም። ወጣኒ ስለ ወጣኒነቱ አይናቅ፤ ፍጹምም ነኝ የሚል እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ። ምሳሌውም እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወርቅ ፈቃድ የለውምና አንድ ጊዜ ከጠራ በኋላ ንስሐ አያሻውም፤ ሰው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በገበቴው ውስጥ ነው። ስለዚህ ምእመን የታላቁን መከራ ቀን ሲጠብቅ የዛሬውን መታጠብ አይተው፤ ካህንም ገበቴውን ከእጁ አይጣል። ልዑል እግዚአብሔር እስከ ፍጻሜ ያጽናን፤ አሜን።