የአልጄሪያ ታሪክ ከየት ይጀምራል? የሸይኽ ሙባረክ አል-ሚሊ መጽሐፍ በሒስ ሲነበብ

ፈረንሳይ አልጀርስን የያዘችበትን 100ኛ ዓመት በ1930 በታላቅ ድግስ አከበረች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሂጅሪ ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዓሉ የጦር ሰልፍ ብቻ አልነበረም፤ የታሪክ ሙግትም ነበረበት። የዘመኑ የቅኝ ግዛት ጸሐፍት ሰሜን አፍሪካ በመሠረቱ የሮማ አገር ናት፤ ፈረንሳይም የሮማ ወራሽ ሆና ወደ ርስቷ ተመለሰች ይሉ ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት የእስልምና ክፍለ ዘመናት ለእነርሱ እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠሩ ነበር። ኤሚል ፌሊክስ ጎቲዬ በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚያን ዘመናት በርእሱ ላይ ሳይቀር «ጨለማ» ሲል ሰይሟቸዋል።

ለዚህ አባባል ከመድረሳ ወንበር መልስ የሰጡት ሸይኽ ሙባረክ አል-ሚሊ ናቸው። በቁሰንጢና ከሸይኽ ዐብዱልሐሚድ ኢብኑ ባዲስ ዘንድ፣ በቱኒስ ደግሞ በዘይቱና የተማሩት እኚህ ዓሊም «የአልጄሪያ ታሪክ በጥንቱና በአዲሱ ዘመን» የተሰኘውን ሥራቸውን የመጀመሪያ ቅጽ በ1928፣ ሁለተኛውን በ1932 አወጡ። የቱርኮችን ዘመን የያዘውን ቀጣይ ክፍል ከእርሳቸው ሞት በኋላ ያዘጋጁት ልጃቸው ሙሐመድ ናቸው። መጽሐፉ የተወለደው አገሪቱ ታሪክ የላትም በተባለችበት ሰዓት ነው፤ ጥንካሬውም ድካሙም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጥንካሬውን አስቀድማለሁ። ብዙዎቻችን የመግሪብን ታሪክ ስናስተምር የምንጀምረው ከዑቅባ ኢብኑ ናፊዕ ነው። ከቀይረዋን መመሥረት (50 ሂጅሪ) በፊት የነበረውን በአንድ «የጃሂሊያ ዘመን» በሚል ቃል ዘግተን እናልፋለን። አል-ሚሊ እንዲህ አላደረጉም። ከድንጋይ ዘመን ተነሥተው የአማዚግን ሕዝብ፣ ፊንቄያውያንን፣ የኑሚድያን ነገሥታት፣ ሮማውያንን፣ ቫንዳሎችንና ቢዛንታውያንን በየተራ ያስተናግዳሉ። ዛሬ ቁሰንጢና በምትባለው በሲርታ ተቀምጦ የገዛው ማሲኒሳ፣ ሮማን ለዓመታት ያደከመው ዩጉርታ ለአልጄሪያዊው ተማሪ የሩቅ ባዕዳን ሳይሆኑ የአገሩ ሰዎች ሆነው ቀረቡለት። አንድ የሃይማኖት ዓሊም ከእስልምና በፊት የነበረውን የሕዝቡን ዘመን ሳያፍርበትና ሳያመልከው መጻፉ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው።

ድካሙ የሚጀምረው ይህን ረጅም ዘመን ባያያዙበት ገመድ ነው። ገመዱ ዝምድና ነው። አማዚጎች ከምሥራቅ የመጡ ናቸው፤ ፊንቄያውያንም የሴም ወገን ስለሆኑ ሲመጡ እንደ ዘመድ መጡ፤ በኋላ የዐረቦች መምጣት የተለያዩ ወንድማማቾች መገናኘት ሆነ፤ ሮማ ግን ከውጭ የተጫነ ቀንበር ነበረች። ይህ አተራረክ ለዘመኑ ጠቃሚ ነበር። ቅኝ ገዢዎቹ የቀባይልን ሕዝብ ከዐረብ ለመለየት የአውሮፓ ዘር ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበርና። ይሁን እንጂ የዘርን ክስ በዘር መከላከል ከሳሹ የመረጠውን ሚዛን መቀበል ነው። ክብርን ከተቅዋ እንጂ ከነገድ ጋር የማያያዘውን የሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ በየኹጥባው ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሚዛኑ ራሱ እንግዳ ነው። ኢብኑ ኸልዱንም የየመን ነገሥታት እስከ መግሪብ ዘመቱ የሚለውን ተረት በ«ሙቀዲማ» ውስጥ በጽኑ ነቅፎታል። ያን ሥራ የጻፈው እዚያው አልጄሪያ ምድር፣ በቀልዓት ኢብኑ ሰላማ ተገልሎ ነበር፤ በ1377 ፈጸመው።

ዝምድናን ማሰሪያ ማድረግ ሌላም ጉዳት አለው፤ ከገመዱ ውጭ የሚቀሩ የአገር ልጆች ይኖራሉ። አውጉስጢኖስ በ354 ዛሬ ሱቅ አህራስ በምትባለው በታጋስት ተወለደ፤ በ430 ቫንዳሎች ከበዋት በነበረችው በሂፖ፣ በዛሬዋ ዐናባ ሞተ። በላቲን ስለ ጻፈ የሮማ ነው ብለን ብንሰጠው ለእነዚያ የቅኝ ግዛት ጸሐፍት ሙግታቸውን በእጃችን ማቀበላችን ነው። እምነቱ ከእኛ የተለየ መሆኑ የአገሩን ልጅነት አይፍቀውም።

በእኔ ግምት የዚህ አገር ታሪክ ማዕከል መሆን የነበረበት የዘር ሐረግ ሳይሆን እስልምና እዚያ ሥር የሰደደበት መንገድ ነው። መንገዱም ቀጥ ያለ አልነበረም። ኢብኑል አሢርና ሌሎች እንደሚተርኩት፣ ከዑቅባ ሁለት የአስተዳደር ዘመናት መካከል የተሾመው አቡል ሙሃጂር ዲናር የአማዚጉን አለቃ ኩሰይላን በለዘብታ ያዘው፤ ኩሰይላም ሰለመ። ዑቅባ ዳግም ተሹሞ ሲመጣ ግን አቡል ሙሃጂርን አሰረው፤ ኩሰይላንም በሰው ፊት አዋረደው፤ በግ እንዲገፍ አዘዘው ይባላል። አቡል ሙሃጂር በእስር ላይ ሆኖ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የዐረብ አለቆችን ልብ ያለዝቡ እንደ ነበር አስታውሶ መከረው። ዑቅባ አልሰማም። በ63 ሂጅሪ ግድም በቢስክራ አጠገብ፣ በተሁዳ፣ የኩሰይላ ሠራዊት ከበበው። ዑቅባ ያን ጊዜ እስረኛውን ፈትቶ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ አቡል ሙሃጂር ግን መሸሽን እምቢ ብሎ አብሮት ወደቀ። እነዚህን ዘገባዎች ያቆዩልን ጸሐፍት ከድርጊቱ ብዙ ክፍለ ዘመናት በኋላ የኖሩ ስለሆኑ የበጉን ወሬ ሳይቀር እንደ ዓይን ምስክር ቃል መውሰድ አይገባም። ሆኖም ሙስሊም ታሪክ ጸሐፍት ራሳቸው የአንድን ታላቅ ፋቲሕ ስሕተት ሳይሸፍኑ መመዝገባቸው ብቻውን ልብ ሊባል ይገባል።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ100 ሂጅሪ ግድም ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ የዚያው የአቡል ሙሃጂር የልጅ ልጅ የሆነውን ኢስማዒል ኢብኑ ዑበይዲላህን አገረ ገዥ አድርገው ላኩት፤ አብረውት ሕዝቡን የሚያስተምሩ አሥር ታቢዒዮች ሄዱ። የአማዚግ ሕዝብ በብዛት የሰለመው በእርሱ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። አያቱ በለዘብታ የጀመረውን የልጅ ልጁ በዒልም ቀጠለው። ቀጥሎ የመጣው የዚድ ኢብኑ አቢ ሙስሊም ከሰለሙ ሰዎች ላይ ጂዝያ ሊወስድ በመነሣቱ በገዛ ጠባቂዎቹ ተገደለ። በ122 ሂጅሪ (740) ደግሞ በመይሰራ መሪነት ታላቁ ዐመፅ ፈነዳ። ይህ ዐመፅ የኸዋሪጅን ቀለም ቢይዝም ከእስልምና የመውጣት ዐመፅ አልነበረም፤ ሰልመናልና እኩል እንታይ የሚል ነበር። ከዚያ ማዕበል በኋላ በታህርት የቆመው የሩስተሚዮች መንግሥት እስከ 909 ዘልቋል። ይህን ምዕራፍ የወንድማማቾች መገናኘት ብለን ብናለዝበው ተማሪዎቻችን ስለ ሹም ፍትሕ የሚማሩት ነገር ይጎድልባቸዋል።

የኋለኛውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ለያዝነው ነጥብ ግን ጠንካራ ማስረጃ አለው። ሐምሌ 5 ቀን 1830 አልጀርስ ስትያዝ የተፈረመው ውል ሃይማኖት እንደማይነካ ቃል ገብቶ ነበር። በ1832 የከትሻዋ መስጊድ ካቴድራል ተደረገ፤ መድረሳዎች የሚተዳደሩበት ወቅፍም ተወረሰ። በ1865 የወጣው ሕግ ደግሞ ሙስሊሙ የፈረንሳይ ዜጋ መሆን ከፈለገ በጋብቻና በውርስ የሸሪዓን ሕግ እንዲተው ጠየቀ። ይህን የተቀበሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ያን በር ያልገቡት ሰዎች እምቢ ያሉት ስለ ፊንቄ ዝምድና ብለው አልነበረም። ፈርሐት ዐባስ በ1936 መጀመሪያ ላይ በታሪክም በመቃብርም ፈልጌ የአልጄሪያን አገር አላገኘኋትም ብሎ ሲጽፍ ኢብኑ ባዲስ ፈልገን አግኝተናታል ብለው መለሱለት። ያው ፈርሐት ዐባስ በ1958 የስደት ጊዜያዊው የአልጄሪያ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆኖ አረፈው! አል-ሚሊ ይህን አላዩም፤ በ1945 መጀመሪያ፣ የሰጢፍና የገልማ እልቂት ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ሐምሌ 5 ቀን 1962 ነጻነት መጣ፤ በዚያው ዓመት ከትሻዋ ዳግም መስጊድ ሆነ። ነጻይቱ አገር ግን የዝምድናውን አተራረክ ወርሳ አማዚግነትን በዐረብነት ውስጥ ልታሟሟው ሞከረች። በ1980 በቲዚ ኡዙ የመውሉድ ማሜሪ ንግግር ሲከለከል የተነሣው ተቃውሞ የዚህ ውጤት ነው። የአማዚግ ቋንቋ ከዐረብኛ ቀጥሎ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ2016 ነው። ጥፋቱን በአል-ሚሊ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይሆንም፤ የጻፉት ለተከሰሰ ሕዝብ ጠበቃ ሆነው ነው። የዑለማኡ ማኅበር መሪ ኢብኑ ባዲስ ራሳቸው በ1936 በአማዚግና በዐረብ መካከል እስልምና ስለ ፈጠረው አንድነት ሲጽፉ በፊርማቸው ላይ «አስ-ሰንሃጂ» የሚል ጨምረዋል። ሰንሃጃ የአማዚግ ነገድ ነው።