ስለ መሣሪያው ሲከራከሩ ሥዕሉ ተረሳ

የፎቶግራፍን ጥበብ ለሕዝብ በማስተማር ረገድ መጽሔቶች ያበረከቱት አገልግሎት ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው «አማተር ፎቶግራፈር»፣ በ1937 በአሜሪካ የተጀመረው «ፖፑላር ፎቶግራፊ» እንደ ትምህርት ቤት ነበሩ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ዲጂታል ካሜራ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ «ፊልም ይበልጣል፤ የለም፣ ዲጂታል ይበልጣል» እየተባለ በእነዚህ መሰል ገጾች የተካሄደው ክርክር ሲመረመር፣ ብዙ የተጻፈበትን ያህል ብዙ ፍሬ የተገኘበት ሆኖ አይታይም።

በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድ ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም የ10,000 ነጥቦች ጥርቅም ነበር። ነጥቡ በሚሊዮን መቈጠር በጀመረ ጊዜ ግን ብዙዎቹ መጽሔቶች ሥዕልን መተቸት ትተው ነጥብ መቍጠር ያዙ። ምክንያቱም አይታጣም፤ ከገቢያቸው ብዙው የካሜራ ነጋዴ ማስታወቂያ ስለ ነበረ፣ አዲስ መሣሪያ የሚያስገዛ ጽሑፍ ከጥሩ ትችት ይልቅ ሥፍራ አገኘ።

የፊልም ወገኖች ትልቁ መከራከሪያ እውነተኛነት ነው። በእርግጥ ኔጋቲቭ በእጅ የሚያዝ፣ ከታተመው ሥዕል ጋር የሚመሳከር ማስረጃ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በፌብሩዋሪ 1982 እትሙ ሽፋን ላይ ያወጣው የጊዛ ፒራሚዶች ሥዕል የተነሣው በፊልም ነበር። ሥዕሉ አግድም በመሆኑ ለቁመታሙ ሽፋን ስላልተስማማ፣ አዘጋጆቹ ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራርበው አተሙት። እንግዲህ የዋሸው ገጹ እንጂ ፊልሙ አይደለም።

በሌላው ወገን ደግሞ ፊልምን የናፍቆት መጫወቻ አድርጎ መናቅ ስሕተት ነው። 36 ሥዕል ብቻ የሚያነሣ ጥቅልል የያዘ ሰው ቍልፉን ከመጫኑ በፊት ያስባል። ይህ ግን የሰው ትዕግሥት እንጂ የኬሚካል ጠባይ አይደለምና ዲጂታል የያዘም ሊለምደው ይችላል። የጨለማ ክፍል ሊቅ የነበረው አንሰል አዳምስ እንኳ በ1984 ከመሞቱ በፊት የኤሌክትሮኒክ ሥዕልን መምጣት በተስፋ እንደሚጠባበቅ ጽፎ ነበር።

ገበያውም ለማንም አልወገነም፤ ኮዳክ በ2012 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ «ፖፑላር ፎቶግራፊ» በ2017 የወረቀት እትሙን አቆመ። ለትችት የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሥዕሉ ምን ያሳያል? ለእውነተኛነቱስ ኃላፊው ማን ነው? የመጽሔት አዘጋጅ ከመሣሪያው ስም በፊት ይህን ቢጠይቅ፣ አንባቢውን ገዢ ብቻ ሳይሆን አስተዋይ ተመልካች ያደርገዋል።